መቶ መርፌ

«ተቀብለንሻል» የሚሉኝ ሁለት ደብዳቤዎች፣
ያንድ ቃል ልጆች ናቸው፣ የስም መንትዮች፤
አንዱ ካምፒና ግራንዴ፣ ሌላው ካምፒናስ፣
ልዩነታቸው በጆሮ፣ አንዲት ፊደል «ስ»።
ሁለቱን ስም እንዲያነጻጽር ማሽን ባዘው፣
መልሱ «ሐሰት» ነው፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለው።
አባቴ ግን ሞተር ብስክሌት ከሚጠግንበት፣
«ያው አይደል እንዴ?» አለኝ፣ እጁ እንደተነከረ በዘይት፣
«ሁለቱም የመንግሥት፣ ሁለቱም በነፃ።»

ያው አይደለም አባ።
ግራንዴ ሦስት ሰዓት ነው በአውቶቡስ ከሞንቴይሮ፣
ተማሪ በሚያመላልሰው፣ ወንበሩ ሁሉ ተሰባብሮ።
ካምፒናስ ግን ሁለት ቀን ተኩል መንገድ፣
ቁልቋሉ አልቆ የሸንኮራው ማሳ እስኪመጣ መሄድ።
እዚያ አክስቴ ዙልሚራ የሰው ቤት ታጸዳለች፣
«ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አልጋ ይገባል፣ ለክቼዋለሁ» ብላለች።

ሠንጠረዥ ሠራሁ።
ረድፉ፦ የቤት ኪራይ፣ የምሳ ዋጋ በተማሪዎች ምግብ ቤት፣
የላብራቶሪው ብዛት፣ ቅዝቃዜው፣ የመንገዱ ርቀት።
ለያንዳንዱ ክብደት ሰጠሁ፣ ካንድ እስከ አምስት፤
ደመርኩት።
ግራንዴ በሦስት ነጥብ በለጠ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ኪራዩን ከአራት ወደ ሁለት አወረድኩት።
ቅዝቃዜውን ሰረዝኩት፤ ጃኬት ይገዛል።
ደመርኩ። አሁንም ግራንዴ ይበልጣል።
ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ «እማ» የምትል ረድፍ ነበረች፣
አምስት የሰጠኋት።
አራት አልኳት። ሦስት አልኳት።
አንድ ስላት ካምፒናስ አሸነፈ።
ያኔ ነው የገባኝ፣ ሠንጠረዡ እኔን ሲጠይቅ እንዳመሸ፣
እኔ እሱን ሳይሆን።

እናቴ ሊንዳልቫ ዳንቴል ትሠራለች፣
ትራሷን ታቅፋ፣ በአሥር ዓመቷ የጀመረች።
ዓይኗ አሁን የመርፌ ቀዳዳ አይለይላትም፤
ጣቷ ግን ጨለማ ቢሆን አይስትም።
ክሩን የማስገባላት እኔ ነኝ፣
ጠዋት ጠዋት፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ ቆሜ።
አንድ ቀን «ይሄ ኮምፒውተር ምኑ ነው ትምህርቱ?» ብላኝ፣
«ባዶና አንድ ነው» አልኳት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።
የጀመረችውን አበባ ወደ መስኮቱ ዘርግታ፣
«ታዲያ ይሄስ? ክር ያለበት፣ ክር የሌለበት» አለች፣
ሥራዋን ሳትፈታ።

ሠንጠረዡን አላሳየኋትም።
«የትኛው ነው?» አለች።
«ግራንዴም እኮ ጥሩ ነው፣ በኮምፒውተር ስሙ የታወቀ» አልኳት።
«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»
ዝም አልኩ።
ዝምታዬን እንደ ክር ጫፍ በምራቋ አርጥባ፣
በሁለት ጣቷ አሹላ፣
«ሂጂ» አለች።

መቶ መርፌ ገዛሁ ከቅዳሜው ገበያ፣
ለሻንጣዬ የቀረኝን ሌሊት አዋልኩት ለዚያ፤
ክር ሳስገባ ነጋ። በትራሷ ጠርዝ ሰካኋቸው በተርታ፣
ነጭ ጭራ አብቅሎ የተኛ ጃርት መሰለኝ፣ ላንድ አፍታ።
ስሌቱ ቀላል ነው፤ በቀን ሁለት ብትጨርስ፣
ሃምሳ ቀን ይበቃታል።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጽፈው ሞከርኩ፤
ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ይቆማል።

ዛሬ በካምፒናስ ስልሳ ሦስተኛ ቀኔ ነው።
ማጠቢያው ልብስ ሲጨምቅ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል።
ጃኬቱ ተገዝቷል፣ ያውም አሮጌ።
የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄአለሁ፤ ሁለተኛውን እንጃ።
«የኔ ልጅ እንደ ራዲዮ ሰው ማውራት ጀመረች» እያለ
አባቴ ይስቅብኛል፣ ከዚያ ስልኩን ለሷ ይሰጣል።

«መርፌውስ እማ?»
«ኧረ ገና ነው» አለች፣ «ሠላሳ ያህል ቀርቷል።»

መቁጠር የምትችል ሴት ናት፤
ያንድ ገበታ ልብስ ቋጠሮ ሺህ ቢሆን ሺህ አምስት
አንድ ሳታጎድል በቃሏ የምትይዝ።
በልቤ ቀነስኩ። ደግሜ ቀነስኩ።
ሠላሳ አይመጣም።

«እሺ» አልኳት፣
«ሲያልቅ ንገሪኝ።»